ነካ የሚያደርገው ቴሌቪዥን

አንድን ሰው «ነካ ያደርገዋል» ሲሉት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጤነኛ ይመስላል፣ ሰላምታ ይመልሳል፣ ይበላል ይጠጣል፣ ግን ብቻውን ሲስቅ ይገኛል። እኔ የማወራችሁ ስለ ሰው አይደለም። ናዝሬት ስንኖር ቤታችን ስለነበረ ቴሌቪዥን ነው። እሱም ነካ ያደርገው ነበር፣ እኛም ነካ እናደርገው ነበር፤ በመጨረሻ ነካ የሚያደርገው የትኛችንን እንደሆነ መለየት አቃተን።

ጊዜው ሰው ሁሉ «ጓድ» የሆነበት የደርግ ዘመን ነው። እኔ በአንድ የዘይት መጭመቂያ ውስጥ የሒሳብ ጸሐፊ ነበርኩ። ቴሌቪዥኑን የገዛሁት ኩየራ ያስተምር ከነበረ ፈረንጅ ነው። ሰውዬው ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲሸጥ ሰማንና ከባለቤቴ ከአበበች ጋር ሄድን። የሄድነው አልጋ ልንገዛ ነበር። ሌላው ገዢ አልጋና ብረት ድስት ሲያገላብጥ እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ ቀረሁ።

ለምን እንደቀረሁ ልንገራችሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቀው ቴሌቪዥን ሁሉ የሚጠመዘዝ ነገር ነበረው። ቋ ቋ እያለ ይዞራል፤ ሲያረጅ ደግሞ በፒንሳ ይዞራል። ይሄኛው ምንም የሚጠመዘዝ የለውም። ከመስታወቱ በስተቀኝ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ ስምንት ነጠብጣቦች ተደርድረዋል፤ ናስ ይመስላሉ፤ ወደ ውስጥ አይገቡ፣ ወደ ውጭ አይወጡ። ፈረንጁ ጣቱን ወደ አምስተኛው አስጠጋ። አልተጫነውም። እንዲያው ነካ አደረገው። ከጎኑ ቀይ መብራት ቦግ አለችና በመስታወቱ ላይ ከሚንጫጫው በረዶ መሀል የሰው ጥላ ብቅ አለ።

«አይጫኑ» አለኝ እዚሁ በተማረው አማርኛ። «መጫን የለም። ነካ ብቻ።»

ፀጉሬ ቆመ። እኔ ያደግሁት ነገር ሁሉ በጉልበት በሚሠራበት ቤት ነው። በሩ በትከሻ ይከፈታል፣ አህያው በዱላ ይሄዳል፣ እኛም በቁጣ እንታዘዛለን። ጉልበት ሳይወጣበት፣ ድምፅ ሳይሰማ፣ በመዳሰስ ብቻ እሺ የሚል ነገር መኖሩን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። «እስኪ እርስዎ» አለኝ። ጣቴን ላክሁ፤ ነካሁት፤ እሺ አለኝ። አልጋውን ትተን ቴሌቪዥኑን ይዘን ወደ ናዝሬት ተመለስን። አበበች ከኩየራ እስከ ሞጆ አላናገረችኝም፤ ከሞጆ በኋላ የተናገረችውን ደግሞ እዚህ አልጽፈውም።

እንግዲህ አስቡት። ስምንት ነጠብጣብ፣ አገሩ ያለው ደግሞ አንድ ጣቢያ። ሰባቱ ሥራ ፈተው አንዱ ሲሠራ ያያሉ፤ ልክ እንደ እኛ መሥሪያ ቤት። ጣቢያው የሚገባው በአምስተኛው ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ግን ከኋላው በኩል ሲበራ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከአንደኛው ነው፤ አንደኛው ላይ ደግሞ በረዶ እንጂ ሰው የለም። ስለዚህ ሰው ለማየት የግድ አምስትን መንካት ያስፈልጋል። ጣቢያውን ወደ አንደኛው ላመጣው ሞክሬ ነበር። ለዚህ የተሠራች ትንሽ ብሎን አለች፤ በገበታ ቢላዋ ታገልኳት፤ ጭንቅላቷ ተላጠ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ አንድ ብቻ ሆነ።

ይህን የመሰለ ዕቃ በእድፋም እጅ እንዳይነካ አንድ ሕግ አወጣሁ። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ምስማር መትቼ ነጭ ፎጣ ሰቀልኩ። ሊነካው የሚፈልግ ሁሉ በሳሙና ታጥቦ፣ በፎጣው እስኪደርቅ ጠርጎ፣ እጁን ለእኔ አሳይቶ ነው የሚቀርበው። አበበች ወንጌል አማኝ ናት፤ «ይሄን ነገር ጣዖት አደረግኸው» ትለኝ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ያለ አንዳች ችግር ታዘዘን። ከአጠገባችን ያሉ ጎረቤቶች ሁሉ ሲመሽ እኛ ቤት ነበሩ፤ ዜና ለመስማት ይበሉ እንጂ የሚመጡት አምስት ሲነካ ለማየት ነው።

ክረምቱ ወጣ። የናዝሬትን የኅዳር ነፋስ የቀመሰ ያውቀዋል፤ አፈሩን ከመንገዱ ላይ አንሥቶ ቤት ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ሳይሰጣ ይደርቃል። አንድ ምሽት ታጥቤ፣ ጠርጌ፣ አምስትን ነካሁ። ዝም። እንደገና ጠረግሁና ነካሁ። ዝም። በአውራ ጣት ሞከርኩ፣ በትንሿ ጣት ሞከርኩ፣ በማንኪያ ጀርባ ሞከርኩ። በረዶው ይንጫጫል። እጄ ገና አልጠራ ይሆናል ብዬ የአበበችን ፓውደር አምጥቼ ጣቴን ነሰነስኩት። ጣቴ ለጥምቀት የወጣ ሕፃን መሰለ፤ አምስት ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ሬዲዮ ጠጋኙን ሽፈራውን ጠራነው። ራሱን «ኢንጂነር» ይላል፤ ማን እንዳስመረቀው አናውቅም። የኋላ ክዳኑን ፈታ፣ ውስጡን ተመለከተ፣ እፍ አለበት፣ መልሶ ገጠመው። ፓውደር ሰጠሁትና ነካው። ዝም አለ። ሽፈራው ዕቃዎቹን ሰብስቦ «ዕቃው ጤነኛ ነው» አለ። «የታመማችሁት እናንተ ናችሁ።» ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ የናዝሬት ኮረንቲ ለቴሌቪዥኑ እንዳልተስማማው ጨመረበት።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀልድ ነበር። ቀልዱ የቀረው አማቴ አዴ ጫልቱ ከባቱ ሲመጡ ነው።

አዴ ጫልቱ በሐይቁ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ብርቱ ሴት ናቸው። የመጨረሻ ልጃቸው፣ የአበበች ታናሽ ወንድም ገመዳ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ጦር ሜዳ ነበር። ከሄደ በኋላ ወሬው ጠፋ። አንድ ቀን ከእርሱ ጋር የነበረ ወታደር በባቱ ሲያልፍ አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ አገኛቸው። ቴሌቪዥን የሚያነሡ ሰዎች ወደ ክፍላቸው መጥተው እንደነበር፣ ወታደሮቹ ለቤተሰብ ሰላምታ ሲያቀርቡ ገመዳም አብሮ እንደተነሣ፣ የፊታችን እሑድ ከዜና በኋላ እንደሚታይ ነገራቸው። «ጤናውስ?» አሉት። «ገመዳ ደህና ነው እናቴ፣ እጁ ብቻ…» ሲል ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ወታደሩ ሮጦ ተሳፈረ። አውቶቡሱ ሄደ። «እጁ ብቻ» አዴ ጫልቱ ጆሮ ውስጥ ቀረች።

እሑድ ጠዋት አንድ ዘንቢል ዓሣ ይዘው ደረሱ። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ «ሶዳ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ አማች ማለት ነው፤ «ቴሌቪዥንዎ ይሠራል አይደል?» አሉ። እኔም «እንዴታ» አልኩ። ምን ልበል? ሌላ ቤት እንዳልወስዳቸው በሰፈራችን ሌላ ያለው አንድ የቀበሌው ቴሌቪዥን ነው፤ እሱም ካለፈው በዓል ጀምሮ ጥገና ላይ ነበር። አበበች በጓሮ በር ወስዳ እውነቱን ነገረቻቸው። አዴ ጫልቱ አልተቆጡም። ጓሮ ተቀምጠው ዓሣውን መፋቅ ጀመሩ። እጃቸው ሥራ ከፈታ ልባቸው ሌላ ሥራ ይጀምራል፤ ስለዚህ የኛን ዓሣ ሲጨርሱ የጎረቤት አስመጡ።

ወሬው ተሰማና ሰው መምጣት ጀመረ። የመጣው ሁሉ በጓሮ እየዞረ አዴ ጫልቱን ሰላም ይላል። እሳቸውም እጃቸው ደምና ቅርፊት ስለሆነ ብድግ ይሉና፣ መዳፋቸውን ወደ ውስጥ አጥፈው የእጃቸውን አንጓ ይዘረጋሉ። እንግዳውም አንጓቸውን ጨብጦ ትከሻ ይገጥማል። ያደግንበት ነው፤ እጅ ሲቆሽሽ ሰላምታ አይከለከልም፣ አንጓ ይሰጣል።

ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ጎረቤታችን ጋሽ ጴጥሮስ ነው። ጨርቅ ነጋዴ ቢሆንም ስሙ የሚጠራው በጸሎት ነው። በዚያን ጊዜ የሚያመልክበት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ጸሎቱን የሚያደርሰው በየሰው ሳሎን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ጉዳዩን ስነግረው እጅጌውን ሰበሰበ።

«እጅ እንጫንበት» አለ።

«ጋሽ ጴጥሮስ፣ ይሄ እኮ አይጫኑ ነው የሚለው።»

«ቁልፉን አይደለም። አናቱን ነው።»

ሁለት እጁን ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ጭኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሹክሹክታ ጀመረ። ስለ ገመዳ ጸለየ፣ ስለ እናቱ ጸለየ፣ ወደ ኮረንቲው ሊሻገር ሲል በሩ ተንኳኳና የቀበሌው ሊቀመንበር ገቡ። ሊቀመንበሩ ቆመው ጋሽ ጴጥሮስን አዩት። ጋሽ ጴጥሮስ ዓይኑን ሳይገልጥ «ሙቀቱን እየለካሁ ነው» አለ።

«ስንት ሆነ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ደህና ነው። ይወርዳል።»

ጓድ ሊቀመንበር ከአብዮቱ በፊት ግንበኛ ነበሩ። እጃቸው ድንጋይ ሲጠርብ ኖሮ ራሱ ድንጋይ ሆኗል። ፎጣዬን አቀረብኩላቸው፣ ፓውደርም ነሰነስኩላቸው፤ እምቢ አላሉም። ኮስተር ብለው ቀርበው አምስትን ነኩ። በረዶ ነው። በሌላ ጣት ነኩ። በረዶ ነው። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ዕቃ የሠርቶ አደሩን እጅ አያውቅም ማለት ነው?»

ጓዶች፣ በዚያ ዘመን ይህን ጥያቄ መጠየቅ እንጂ መመለስ ቀላል አልነበረም። «ጓድ፣ የእኔንም አያውቅም» አልኩ።

«ያንተ ብዕር የያዘ እጅ ነው። እሱን ባያውቅ አልፈርድበትም።» ትንሽ አሰቡና አቋማቸውን አስተካከሉ። «የቤቱ ሰው ሁሉ በተራ ይንካ። የብዙኃኑን እጅ እምቢ ሊል አይችልም።»

ሰልፍ ሆነ። እኔ በአንድ እጄ ፎጣ በአንድ እጄ ፓውደር ይዤ ተራ አስከባሪ ሆንኩ። አንድም እርጥብ ጣት በአጠገቤ አላለፈም። የመጣውን እጅ ሁሉ አጥቤ፣ አድርቄ፣ አንጽቼ፣ ዱቄት ቀብቼ ላክሁት። ሸማኔው ነካ፣ አስተማሪዋ ነካች፣ የባቡር ጣቢያው ዘበኛ ነካ። ጨርቅ ቀዳጁም ልብስ ሰፊውም ነካ። አምስት ሁሉንም እኩል ናቀ። ጓድ ሊቀመንበር ይህን ሲያዩ ትንሽ ቀለል አላቸው።

ከመንገድ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር እኩል የሚያልቀው ዜና ማብቂያ ተሰማን። አበበች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ያን ጊዜ እውነቱን ለመናገር ያንን ቴሌቪዥን ጠላሁት። ወንድሟ እዚያ መስታወት ጀርባ ቆሞ ሊናገር ነው፤ እኛ በሩን መክፈት አልቻልንም።

አዴ ጫልቱ ከጓሮ ገቡ። እጃቸው እስከ አንጓቸው የዓሣ ቅርፊት ነው።

«እምቢ አለ?» አሉ።

«ሁሉም ሰው ነካው እማዬ» አለች አበበች። «እምቢ አለ።»

«እኔ አልነካሁም።»

ፎጣዬን ይዤ ከፊታቸው ዘለልኩ። «አዴ፣ መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ፣ ከዚያ…»

«ሶዳ፣ ጊዜ የለም» አሉና በክርናቸው ገፋ አድርገውኝ አለፉ። ቴሌቪዥኑ ፊት ሲደርሱ ግን ቆም አሉ። እጃቸውን አዩት። የሰው ዕቃ ነው፤ የተከበረ ዕቃ ነው፤ በዚህ እጅ እንዴት ይነኩታል? ስለዚህ ከጠዋት ጀምረው ለእንግዳ ሁሉ ሲያደርጉ የዋሉትን አደረጉ። መዳፋቸውን ወደ ውስጥ አጠፉ፣ ከወገባቸው ትንሽ ጎንበስ አሉ፣ የእጃቸውን አንጓ ለአምስተኛው ነጠብጣብ ዘረጉለት።

«አካም ጂርታ?» አሉት። እንዴት ነህ ማለታቸው ነው።

ቀይዋ መብራት ቦግ አለች።

በረዶው ተጠረገ። ሰው መጣ፣ ድምፅ መጣ። ባሕር ሲከፈል የቆመ ሰው ምን እንደተሰማው እኔ አላውቅም፤ ግን ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። ጋሽ ጴጥሮስ ሳያስበው ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሜን» አለ። ጓድ ሊቀመንበርም «አሜን» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ሳል አስመሰሉት። ኋላ ረጋ ብዬ ሳስበው ነገሩ ግልጽ ነበር። ያ ዕቃ የሚፈልገው ጥቂት የሰው ወዝ ነው፤ ደረቅ ጣት ለእሱ እንጨት ነው። በክረምት ወዛችን ነበር፤ በኅዳር ነፋሱ ወሰደው፤ የቀረችውን ደግሞ እኔ በፎጣና በፓውደር ጨረስኳት። ይህን ማወቄ ግን መደነቄን አልቀነሰልኝም። የሚፈልገው ንጽሕና ሳይሆን ሕይወት ያለው ቆዳ መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ደስታ ሰው አያስቀምጥም። አምስት ላይ አንዲት የዓሣ ቅርፊት ተለጥፋ አየሁና ልጠርጋት ፎጣዬን ይዤ ሮጥኩ። ላብ ያጠመቀው አውራ ጣቴ ስድስትን ነካ። ለእኔ ስንት ቀን እምቢ ያለው ዕቃ አሁን እሺ አለኝና ወደ ስድስት ሄደ፤ በረዶ ሆነ። በዚያች ቅጽበት የተባልኩትን ጎረቤቶቼ ዛሬ እንደረሱት ተስፋ አደርጋለሁ። ጓድ ሊቀመንበር በትከሻዬ ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። አዴ ጫልቱ እንደገና አንጓቸውን ሰጡት፤ ሰው ተመለሰ።

ወታደሮቹ ተራ በተራ ይቀርባሉ። ጋዜጠኛው ይጨብጣቸዋል፣ ድምፅ ማጉያውን ያስጠጋላቸዋል፣ እነሱም ስማቸውንና የእናታቸውን ስም ይናገራሉ። አንዱ ሄደ፣ ሌላው ሄደ። ከዚያ ገመዳ መጣ። ከስቷል፣ ጺም አብቅሏል፤ ዓይኑ ግን የእናቱ ነው። አበበች እጇን አፏ ላይ ጫነች። ምስሉ የሚያሳየው ከደረቱ በላይ ነው።

ጋዜጠኛው እጁን ዘረጋለት። ገመዳ እጁን አልሰጠውም። የሰጠው አንጓውን ነው።

አንጓው እስኪያልቅ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የመስታወቱ ጠርዝ ቆርጦታል። የመናኸሪያው ወታደር ያላት «እጁ ብቻ» የሁላችንም ጆሮ ውስጥ ገባች። አዴ ጫልቱ «ሀርካ ኢሳ» አሉ በቀስታ። እጁን ማለታቸው ነው። ማንም ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም፤ እኔም ፎጣውን ጨምድጄ ወለሉን አየሁ።

«ይቅርታ ጓድ» አለ ገመዳ ከመስታወቱ ውስጥ። «እጄ ሊጥ ነው።»

ሳቀና ወደ ላይ አነሣው። ሙሉ እጅ ነው። አምስቱም ጣት ነጭ ሊጥ ተለጥፎበት ቆሟል። ለክፍሉ ዳቦ ጋጋሪ ሆኖ መመደቡን፣ ጤናው ደህና መሆኑን፣ እናቱ ስለ እሱ እንዳያስቡ ተናገረ። «እማ፣ አሁን እጄ ብቻ ነው እንደ ሴት የሆነው» ብሎ ጨረሰ። ሾፌሩ በጥሩምባው የቆረጣት ዓረፍተ ነገር እንግዲህ ይቺ ነበረች።

«ጂራ» አሉ አዴ ጫልቱ። በኦሮምኛ «አለ» ማለት ነው፤ በሕይወት ላለ ሰውም ለተገኘ ዕቃም ይሆናል። «ገመዳ ጂራ። ሀርኪ ኢሳስ ጂራ።» ገመዳም አለ፣ እጁም አለ። ቀጥለውም በአማርኛ ለሁላችን «ቤቴ ውስጥ እሳት እፍ ብሎ አያውቅም እኮ» አሉን፤ እያለቀሱ ሳቁ።

ከዚያ ብድግ ብለው ወደ መስታወቱ ሄዱ። ልጃቸው አንጓ ሰጥቷል፤ ሰላምታ ሳይመለስ አይቀርም። ቅርፊት የተለጠፈበትን እጃቸውን አጥፈው አንጓቸውን ወደ መስታወቱ ሲያስጠጉ ግን ገመዳ ሄዶ ሌላ ወታደር ቆሞ ነበር፤ የማናውቀው፣ አፉ የሚንተባተብ፣ የእናቱን ስም ሲጠራ ድምፁ የተሰበረበት። አበበች «እማዬ፣ ገመዳ አለፈ እኮ» አለቻቸው።

«ይሄስ የሰው ልጅ አይደለም?» አሉና አንጓቸውን ሰጡት። ከእሱ በኋላ ለመጣውም ሰጡ፣ ከዚያም በኋላ ለመጣው። ዝግጅቱ እስኪያልቅ ድረስ ቆመው አንድ በአንድ «አካም ጂርታ» አሉ፤ እናቱ ታየው አትየው የማይታወቅ ወታደር ሁሉ በዚያ ምሽት ናዝሬት ላይ ሰላምታው ተመለሰለት። እኔ በነጩ ፎጣ ዓይኔን ጠረግሁና ለአበበች አቀበልኳት። ከእሷ ጋሽ ጴጥሮስ ተቀበላት፤ ጓድ ሊቀመንበርም ከኋላው ተራ ይዘው ነበር።